የጥምረቱ ቀይ ክብ

ሬሳው የተገኘው በካርታው ላይ በቀይ በተከበበው ቦታ ነበር፤ ይህ ደግሞ የአካባቢውን የሰላም ጥምረት አባላት ከማሳዘኑ በፊት አኮራቸው። ካርታቸው አልዋሸም። «እዚህ ቦታ ሰው ይቀማል፣ ይጎዳል» ብለው ነበር፤ ይኸው ሰው ተቀማ፣ ሞተ። ሟቿ ከመካከላቸው አንዷ መሆናቸው ኩራቱን ጥቂት አደብዝዞት እንደሆነ እንጂ አላጠፋውም።

ሟቿ «እማማ ለምን» ይባሉ ነበር። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የሰፈሩን እኩሌታ ወደዚህ ዓለም ተቀብለዋል። በጥምረቱ ውስጥ የነዋሪው ተወካይ ሆነው በየስብሰባው «ለምን?» ማለት ስለሚያበዙ ሌሎቹ አባላት ስሙን ለሹፈት አወጡላቸው፤ ሰፈሩ ግን ለፍቅር ወሰደው። ጥምረቱ ፖሊስን፣ ማዘጋጃ ቤትን፣ ጤና ጣቢያን፣ ነጋዴንና ነዋሪን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የትኛው ወንጀልና ሁከት ቅድሚያ እንደሚሰጠው ይወስናል። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ውሳኔውን ሲያደንቅ ይከርማል። ነዋሪው ስለ ጥምረቱ ሲጠየቅ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። የዘንድሮው ቅድሚያ የሚታወጀው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር።

ከዋናው መምሪያ የተላከችው መርማሪ ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯ አጭር፣ ትዕግሥቷ ከሁለቱም ያጠረ ሴት ናት። ከተዘጋው የዘይት ፋብሪካ ጀርባ፣ መውጫ በሌለው ጭቃማ መንገድ ጫፍ ላይ ስትደርስ የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ደረቱን ነፍቶ ጠበቃት።

«ቅሚያ ነው፣ ኢንስፔክተር» አላት። «የጥበቃ መኪናችን ናት ጠዋት ያገኘቻቸው። ጭንቅላታቸውን ከኋላ ተመትተዋል፤ ቦርሳቸው ባዶ ነው።»

«ሲመቱ ያየ አለ?»

«ማየት ምን ያደርጋል? ቦታው ራሱ ይናገራል። በአካባቢያችን አንደኛው የቅሚያ ቦታ ይኼ ነው። ካርታው ላይ በቀይ ተከቧል።»

«ካርታውን በኋላ አየዋለሁ። አሁን ሬሳውን ልይ።»

ተንበርክካ አየች። ከትናንት ቀትር ጀምሮ የጣለው ዝናብ አመሻሹ ላይ ቢያባራም መንገዱን አቡክቶት ሄዷል፤ ጭቃው የአዛዡን ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውጦታል። የእማማ ለምን ጫማ ሶል ግን ንጹሕ ነበር። በግራው ሶል ላይ ጥፍር የምታህል ክብ አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፋለች። አንገታቸው ላይ የተበጠሰ ክር አለ፤ ሁለት ሦስት ዶቃ ይዞ ቀርቷል። መርማሪዋ የቀሩትን ዶቃዎች ፍለጋ ጭቃውን በእንጨት ጫረች፤ አንድም አላገኘችም።

«አዛዥ፣ ጫማዎን ይመልከቱ።»

ተመለከተ። «ምን ሆነ?»

«ምንም። ይጥረጉት።»

ከዚያ ወደ ፋብሪካው ግድግዳ ተጠግታ ዝም ብላ ቆመች። አዛዡ የምትጸልይ መስሎት ኮፍያውን አወለቀ። እሷ ግን አላፊ አግዳሚ እየጠበቀች ነበር። ብዙ ቆመች፤ አንድም ሰው አላለፈም። የመጣችው የጥበቃ መኪናዋ ብቻ ናት፤ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄዳ፣ ዞራ፣ ተመለሰች።

«ምን ልታደርግ መጥታ ነው?»

«ቅድሚያ ለተሰጠው ቦታ ጠዋትና ማታ ጥበቃ ይደረግለታል» አለ አዛዡ። «ከጀመርን ወዲህ በጥበቃ ሰዓት አንድም ቅሚያ አልተፈጸመም።»

«አምናለሁ» አለች መርማሪዋ።

«ደግሞ ገዳዩም ተይዟል።»

የተያዘው ጠጠር የሚሉት የብየዳ ሠራተኛ ነው። በጉርምስናው ስልክ ሲቀማ ተይዞ ታስሯል። ሲፈታ የሚቀበለው ዘመድ ስላልነበረው እማማ ለምን ቤታቸው አስገብተው፣ ሙያ አስይዘው ሰው አደረጉት፤ እሱም እናቴ ይላቸዋል። ትናንት አምሽተው ሲቀሩበት ሲፈልጋቸው አድሮ፣ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ «እናቴ ጠፋችብኝ» ሲል አዛዡ እስክሪብቶ ሳይሆን ካቴና አወጣ። የቀድሞ ቀማኛ፣ ቀይ ክብ፣ ባዶ ቦርሳ። አዛዡ በሕይወቱ ነገር እንዲህ ገጥሞለት አያውቅም። ከስብሰባው በፊት ልጁን ወደ ማረሚያ ቤት ልኮ፣ በጭብጨባ መካከል ዜናውን ሊያበስር ቸኩሏል።

«ገደልካቸው?» ብላ ጠየቀችው መርማሪዋ።

ጠጠር ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ደም ለብሷል። «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ይኼንኑ ነው የምትጠይቁኝ። አልገደልኳትም። አሁን እኔ ልጠይቅ፤ ማነው የሚቀብራት?»

«ማዘጋጃ ቤቱ ዛሬውኑ ይቀብራል ተብሏል።»

«እሷ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። እነሱ እንደ ቆሻሻ ጭነው ወስደው ይጥሏታል። የፈለጋችሁትን ያህል ፍረዱብኝ፣ መጀመሪያ ግን እናቴን ልቅበር። ሌላ ምንም አልለምንም።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብዙ ገዳዮች ብዙ ነገር ሲለምኗት ኖረዋል፤ መቃብር የለመናት ግን አልነበረም። «ትናንት ከቤት ሲወጡ ምን አሉህ?»

«ስብሰባ ነበራት። ‹ነገ በሰው ፊት ከመናገሬ በፊት፣ ዛሬ ለአንድ ሰው ለብቻው እነግረዋለሁ፤ እኔ ሰው ከኋላ አልወጋም› አለችኝ።»

«ለማን?»

«አዋላጅ ናት እኮ። የሰው ገመና አትዘራም።»

መርማሪዋ ስትወጣ አዛዡን በሩ ላይ አገኘችው። «ልጁን ወደ ማረሚያ ቤት እንዳይልኩት። ቀብሩም ይቆይ። ከሰዓት ስብሰባው ላይ ይዘውት ይምጡ።»

የአዛዡ ፊት በራ። «ለታዳሚው ለማሳየት ነው?»

«አዎ» አለች። «ለታዳሚው ለማሳየት።»

የጥምረቱ አዳራሽ ከማዘጋጃ ቤቱ ጎን ያለ፣ ወንበሩ ከሰው የሚበልጥ ክፍል ነው። በሩ ላይ ትልቅ የእግር መጥረጊያ ተነጥፏል። በአንዱ ግድግዳ ላይ ካርታው ተሰቅሏል፤ በመሀሉ ቀዩ ክብ እንደ እባጭ አብጧል። በሌላው በኩል ባለ ብረት እግር ሰሌዳ ቆሟል። አስተባባሪው ከማዘጋጃ ቤት የተመደበ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። ሰፈሩን የሚያውቀው ከመኪናው መስኮትና ከዚሁ ካርታ ነው፤ ከሁለቱም ካርታውን ያምናል። በጠረጴዛው ላይ ጥምረቱ ያገኘው የምስጋና ዋንጫና አስተባባሪው ለራሱ አዲስ ያሠራው ቤት ፎቶግራፍ አሉ። ቤቱ መሬት ላይ የተንጣለለ፣ ሰፊ ነው፤ ባለቤቱ ከፊቱ ቆማ ፈገግ ብላለች፣ ወይም እንድትል ተነግሯታል።

«በሐዘን ልቤ ተሰብሯል» አለ አስተባባሪው። «ሆኖም ባለድርሻ አካላትን በአንድ ቀን ማሰባሰብ ቀላል ስላልሆነ መርሐ ግብሩን አላጠፍነውም።»

«ቅድሚያውን የምትወስኑት እንዴት ነው?»

ይህን ሲጠየቅ የተሰበረው ልብ ወዲያው ተጠገነ። ወደ ሰሌዳው ወሰዳት። ጉዳዮቹ በትልልቅ ፊደል ተጽፈዋል፤ ቅሚያ፣ የጎዳና ላይ ንግድ፣ ጫጫታ። ከየጉዳዩ ጎን ትንንሽ አረንጓዴ ክቦች ተለጥፈዋል። «እያንዳንዱ አባል ነጥቦች ይሰጡታል፤ ያሳስበኛል የሚለው ጉዳይ ላይ ይለጥፋል። ብዙ ነጥብ ያገኘ ቅድሚያ ያገኛል። ፍጹም ሳይንሳዊ ነው። ትናንት ለሙከራ ለጠፍን፤ ዛሬ በታዳሚ ፊት እንደግመዋለን።»

«ያው ውጤት እንዲመጣ?»

«እንዲጸና» አለ አስተባባሪው።

«ነጥቦቹ ከዚህ ክፍል ይወጣሉ?»

«በፍጹም። እቆልፍባቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ባለሆቴሉ ከውጭ ነጥብ ገዝቶ መጥቶ ሲለጥፍ ደርሼበታለሁ።»

በሰሌዳው ግርጌ በእጅ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፤ «ቤታቸው ውስጥ የሚደበደቡ ሴቶች» ይላል። ከጎኑ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ተለጥፋለች።

«ይኼስ?»

«እማማ የጻፉት ነው። መረጃ የለውም፤ ካርታ ላይም አይወርድም። የቤት ገመና ነው እንጂ ቅድሚያ የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም።»

«ትናንት ስብሰባው ሲያልቅ እማማ አብረዋችሁ ወጡ?»

«ሁላችንም ወጣን። እኔ ባለቤቴ ሰሞኑን ከደረጃ ወድቃ ታማብኛለች፤ ቶሎ ቤቴ ገባሁ።»

«የአዳራሹ ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?»

«እኔ፣ አዛዡ፣ ባለሆቴሉና ዶክተሯ ጋ። ለእማማ አልሰጠናቸውም። ቁልፍ ከሰጠናቸው ቁም ሣጥኑን ሁሉ ከፍተው ለምን ይላሉ ብለን ፈርተን።»

ባለሆቴሉ በጥምረቱ ውስጥ የነጋዴው ተወካይ ነው። መርማሪዋን በሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀበላት፤ ከበረንዳው ሥር የሚቸረችሩ ሴቶችን እንደ ዝንብ በእጁ እያራገበ ነበር የሚያወራት።

«እማማ ደግ ሴት ነበሩ» አለ። «ስብሰባ ግን አይችሉም። ሰው ሁሉ ሲስማማ እሳቸው ብቻ ያስባሉ።»

«የተዘጋው የዘይት ፋብሪካ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፤ አይጣል ነው። መጋዘን ይሁን ብዬ ላከራየው ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ማን ይምጣ? ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ በዚያ መንገድ ድመት አያልፍም።»

«ቀማኛ ግን ይበዛበታል።»

ባለሆቴሉ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው። «ካርታው ነዋ የሚለው።»

«ቀማኛው ድመቶቹን ነው የሚቀማው?»

«ኢንስፔክተር፣ እንግዲህ እንደ ትልቅ ሰው እንነጋገር። ቀዩ ክብ ከዚያ ቢነሳ የት ያርፋል? የሚቀማው ሰው እኮ እዚህ እኔ በር ላይ ነው የሚቀማው። ሆቴሌን በቀይ ክበቡልኝ ልበል?»

መርማሪዋ አመስግናው ተነሳች። ምስጋናዋ ግን እጅ መታጠብ የሚያሰኝ ዓይነት ነበር።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ትከሻዋ ከድምፅዋም ዝቅ ያለ ሴት ናት። በር ዘግታ፣ መስኮት ዘግታ ነው የጀመረችው።

«ተቀምተው የሚቆስሉ ሰዎች ይመጡልዎታል?»

«ከአውቶቡስ ተራ ይመጣሉ። ከሆቴሉ በርም ይመጣሉ።»

«ከቀዩ ክብስ?»

ዶክተሯ ጣቶቿን ቆጠረች። «ከዚያ አንድም ሰው መጥቶ አያውቅም። አቤቱታ ሲመጣ ፖሊሶቹ ቅጹ ላይ ቦታውን ሳይሞሉ ይልኩታል። ካርታውን የሚሠራው ኮምፒውተር ደግሞ ቦታ የሌለውን ሁሉ ሰብስቦ ከአካባቢው መሀል ላይ ይጥለዋል። መሀሉ ከፋብሪካው ጀርባ ሆነና ያ ባዶ ሜዳ ቀላ።»

«ይህን ለጥምረቱ ተናገሩ?»

«ለእማማ ብቻ ነገርኳቸው። አስተባባሪው ዋንጫ ያገኘበት ካርታ ነው፤ ይቀየማል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት።»

«ዝም አይነቅዝም፣ ዶክተር። ሬሳ ግን ይሸታል።»

ዶክተሯ አቀረቀረች። ከዚያ ሳትጠየቅ፣ «ከደረጃ ወደቅን የሚሉ ሴቶችም ይመጣሉ» አለች። «ለእማማ ግን እንደዚያ አይሉም ነበር፤ ለእሳቸው እውነቱን ነው የሚነግሯቸው። ዛሬ አንዷን ይዘው መጥተው በጉባኤው ፊት ሊያናግሯት ነበር። ማን እንደሆነች አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።»

«ትናንት ማታ ቤትዎ በምን ገቡ?»

«በአውቶቡስ። መኪና የለኝም፤ መንዳትም አልችልም።»

ከዚያ በኋላ መርማሪዋ ለመምሪያዋ ሰዎች አንድ ትእዛዝ በስልክ ሰጠች። ቀጥሎ አንድ ቤት አንኳኩታ ገብታ ረጅም ጊዜ ቆየች። አዛዡ የት እንደጠፋች ቢጠይቃት «ዘመድ ጥየቃ» ብላ አሰናበተችው።

ከሰዓት በኋላ ታዳሚው በአዳራሹ በር ላይ ተሰብስቦ እስኪከፈትለት ይጠብቅ ነበር። መርማሪዋ አራቱን የጥምረቱ አባላት አስቀድማ አስገብታ በሩን ዘጋች። ጠጠር በካቴና፣ በሁለት ፖሊሶች መካከል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የእማማ ለምን ወንበር ባዶ ነበር፤ ባለሆቴሉ ኮቱን አስቀመጠበት።

«አጭር አደርገዋለሁ» አለች መርማሪዋ። «መጀመሪያ ጫማው። ትናንት ከቀትር ጀምሮ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነበር። የእማማ ጫማ ግን ንጹሕ ነው። ከፋብሪካው ጀርባ በእግራቸው አልሄዱም፤ ሬሳቸው ተወስዶ ነው የተጣለው።»

«ቀማኛውም ተሸክሞ ሊወስዳቸው ይችላል» አለ አዛዡ።

«በሶላቸው ላይ ይህ ተለጥፎ ተገኘ።» አረንጓዴዋን ነጥብ በጣቷ ጫፍ አሳየች። «አስተባባሪ፣ እነዚህ ነጥቦች ከዚህ ክፍል አይወጡም ብለውኛል። እማማ በበሩ መጥረጊያ ላይ ጫማቸውን ጠርገው ገቡ፤ እዚህ ወለል ላይ የወደቀች ነጥብ ረገጡ። ከዚያ በኋላ ደጅ ረግጠው ቢሆን ነጥቧ በጭቃ ተበልታ ትቀር ነበር። የሞቱት እዚህ ነው። ወጣን ያላችሁት ወጥታችሁ ይሆናል፤ እሳቸው ግን አልወጡም፣ ወይም ከአንድ ሰው ጋር ተመልሰው ገብተዋል። የዚህ ክፍል ቁልፍ ያለው ማነው?»

አራት እጅ አራት ኪስ ሲዳብስ ታየ።

«ጠጠር ቁልፍ የለውም። እንኳን እሱ፣ እናቱም ተከልክለዋል። እንግዲህ ከአራታችሁ አንዱ ነው።»

ባለሆቴሉ ወንበሩን ከአዛዡ ወንበር ጥቂት ፈቀቅ አደረገ። አዛዡም እንደዚያው አደረገ። ዶክተሯ የምትፈቀቅበት ስላልነበራት ባለችበት ቀረች።

«አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው» አለች መርማሪዋ። «ገዳዩ ነገሩን ቅሚያ ሊያስመስለው ፈለገ። ታዲያ ሬሳውን ለምን እዚያ ጣለው? ሰው በሚቀማበት በአውቶቡስ ተራ ጓሮ ለምን አልጣለውም? ሰው የማያልፍበት ቦታ ላይ ማን ማንን ይቀማል?»

«ካርታው ላይ...» ብሎ ጀመረ አስተባባሪው።

«እመጣበታለሁ። ባለሆቴል፣ እርስዎ ቦታው ባዶ መሆኑን ያውቃሉ፤ ግቢዎ ነው። ቀዩ ክብ ሐሰት መሆኑን እያወቁ ዝም ያሉት ለበርዎ ሲሉ ነው። ሬሳ ቢኖርዎት ማንም የማያምነው ቦታ፣ ያውም የገዛ ፋብሪካዎ ጀርባ አይጥሉትም። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት» አለ ባለሆቴሉ። አምላኩን የሚያመሰግን ይመስል ነበር።

«አዛዥ፣ እርስዎም ያውቃሉ። ቦታውን ሳይሞሉ የሚልኩት የእርስዎ ሰዎች ናቸው። ቀማኛ በሌለበት ቦታ ጥበቃ ማቆም ቅሚያን የማጥፋት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በባዶ ሜዳ ድል ሲያደርጉ ከርመዋል። ሬሳ ቢኖርዎት ግን የራስዎ መኪና ጠዋትና ማታ በምትመላለስበት አይጥሉትም።»

አዛዡ ኮፍያውን አስተካከለ። ከነፍሰ ገዳይነት ነጻ መውጣት እንዲህ እንደሚያሳፍር አላወቀም ነበር።

«ዶክተር፣ ከሁሉም በላይ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ደግሞም ሬሳ በአውቶቡስ አይጫንም። ሦስታችሁም፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏችኋል። አንዳችሁ አንድ ቀን ‹ይህ ክብ ውሸት ነው› ብትሉ ኖሮ ይህን ነፍሰ ገዳይ ባላገኘሁት ነበር። አፋችሁ ተዘግቶ በመኖሩ ምናልባት አንዴ፣ ሳታስቡት፣ ለሰው ጠቀማችሁ።»

ከዚያ ወደ አስተባባሪው ዞረች። ድምፅዋ ለሰለሰ።

«እርስዎስ? ቀዩ ክብ ሐሰት መሆኑን ያውቁ ነበር? ያውቁ ከነበረ ይበሉኝ። ያኔ ከእነዚህ ከሦስቱ ጋር እኩል ይሆናሉ፤ እኔም ሥራዬን እንደገና እጀምራለሁ።»

የማምለጫ በር ተከፍቶለት ነበር። አንዲት «አዎ» ትበቃው ነበር። አስተባባሪው ካርታውን አየ፣ ዋንጫውን አየ፣ ሦስቱን አየ። ፊቱ ቀስ በቀስ ቀላ።

«ሐሰት?» አለ። «ይኼ ካርታ በጥናት የተሠራ ነው። እነዚህ ስለ ጥናት ምን ያውቃሉ? አንዱ ነጥብ ከውጭ ገዝቶ የሚለጥፍ፣ አንዱ ፎርም መሙላት የማይችል፣ አንዷ ጥላዋን የምትፈራ። ቦታው አደገኛ ነው። ሴትዮዋስ እዚያው አይደል የተገኙት?»

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» አለች መርማሪዋ። «እዚያ የተገኙት እርስዎ ስላስቀመጧቸው ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያንን ክብ ከልቡ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ አለ። ቀማኛ ያለበት ቦታ የትኛው ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግድግዳውን የሚያይ ሰው ነው፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው እዚያ አይጥልም።»

«ይኼ ማስረጃ አይሆንም።»

«አይሆንም። ዶቃው ግን ይሆናል። አንገታቸው ላይ የተበጠሰ ክር ነበር፤ ጭቃው ላይ ግን አንድም ዶቃ የለም። ሰዎቼ ቀትር ላይ የእርስዎን መኪና ፈትሸዋል። ከኋላው ዕቃ መጫኛ፣ ከትርፍ ጎማው ሥር፣ የቀሩት ዶቃዎች ተገኝተዋል። እጥፋቱ ውስጥ ገብተው ስለነበር ስታጥበው አላየሃቸውም።»

«አንቱ»ው የት ላይ እንደወደቀ ሁሉም ሰማ።

«ለምን እገድላቸዋለሁ?» አለ አስተባባሪው። «ለአንድ የሰሌዳ መስመር ብዬ?»

መርማሪዋ የጓሮውን በር ከፈተች። አንዲት ሴት ገባች። ቀኝ እጇ በጨርቅ ታስሮ ከአንገቷ ተንጠልጥሏል። አስተባባሪው ሲያያት ለመቆም ሞከረ፤ አንዱ ፖሊስ ትከሻውን ተጭኖ አስቀመጠው።

የአስተባባሪው ባለቤት ባሏን አላየችም። ሰሌዳውን አየች፤ የግርጌዋን መስመር አነበበች። «ቤታችን ደረጃ የለውም» አለች።

ዶክተሯ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እጇን ያሰረችላት እሷ ነበረች፤ ምን ሆነሽ ብላ ጠይቃ፣ ከደረጃ ወደቅኩ ስትባል ጽፋ፣ ሸኝታታለች።

«እማማ ዛሬ ከጎንሽ እቆማለሁ፣ ታወሪያለሽ ብለውኝ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ግን ሰው አናዋርድም፤ አስቀድሜ ለራሱ እነግረዋለሁ፣ ምናልባት አፍሮ ራሱ ይናገር ይሆናል አሉ። እኔ ተዉ አልኳቸው። አያፍርም አልኳቸው። ትናንት ልብሱ በጭቃ ተለውሶ መጥቶ እጠቢ አለኝ። በአንድ እጄ አጠብኩት።»

«ገፋኋቸው እንጂ አልመታኋቸውም» አለ አስተባባሪው። ለማን እንደሚናገር የሚያውቅ አይመስልም። «የሰሌዳው ብረት ነው የመታቸው። ሦስት ዓመት የለፋሁበትን ሥራ በአንዲት ሴት ለቅሶ ሊያፈርሱብኝ ነበር።»

ሌላ የሚጠየቅ አልነበረም። ፖሊሶቹ ካቴናውን ከጠጠር እጅ አውልቀው ለአስተባባሪው አጠለቁለት፤ አዛዡ ሌላ ይዞ ስላልመጣ። በጓሮ በር ይዘውት ወጡ። ጠጠር የተላላጠ እጁን እያሻሸ ቆመ። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም፤ ደስ የሚለው ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ አልቀረለትም።

ከዚያ ባለሆቴሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ... ታዳሚው በር ላይ ነው። ስብሰባው ይቀጥላል ወይስ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል?»

«ቅድሚያዎቹማ ተዘጋጅተው አልቀዋል» አለ አዛዡ። «ሰብሳቢ ብቻ ነው የጎደለው። እንደውም ነፍሰ ገዳይ መያዙን በመክፈቻው ማብሰር ይቻላል።»

ሁለቱም ዶክተሯን አዩ። ዶክተሯ መሬት መሬቱን እያየች፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እናንተ እንዳላችሁ» አለች።

ጠጠር አንድ በአንድ አያቸው። ሊሰድባቸው ነው ብላ መርማሪዋ ጠበቀች፤ ቢሰድባቸውም አትከለክለውም ነበር። እሱ ግን ወደ ባዶው ወንበር ሄዶ የባለሆቴሉን ኮት አነሳና ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ እናቴን ልቀብር ነው» አለ። «እናንተ ቀጥሉ።»

የአስተባባሪው ባለቤት ተከትላው ወጣች፤ መርማሪዋም ተከተለቻቸው። ሦስቱ ቀሩና በሩን ለታዳሚው ከፍተው ቀጠሉ።